ስድ ስንል ማንን እየወቀስን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ቡና እየተፈላ ነው። ጎረቤት በረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጧል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጀበናው ገና አልወረደም። የአራት ዓመቱ ልጅ ከሶፋ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጓዳ ይሯሯጣል። ሁለቴ ከሰሉ ላይ ሊወድቅ ሲል እናቱ ክንዱን ይዛ አስቀርታዋለች። አንዷ ጎረቤት «አይ ይሄ ልጅ፣ ቅብጥብጥ እኮ ነው!» ስትል እናት ትስቃለች። «ምን ላድርገው እትዬ፣ የሚያርፈው እንቅልፍ ሲጥለው ብቻ ነው» ብላ ትመልሳለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ስድ ለቀቅሽው እኮ» ትላለች። ሳቁ እዚያው ይቆማል። እናት ጀበናውን ታወርዳለች፣ ትቀዳለች፣ ታድላለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙም አትናገርም።

ልጁ በሁለቱ አረፍተ ነገሮች መካከል ምንም የጨመረው ጥፋት የለም። ያው ሩጫ ነው፣ ያው ከሰል ነው። የተለወጠው አንድ ቃል ነው። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ስለ ልጁ ተናገረች፤ ሁለተኛዋ ስለ እናቱ። ይህ ጽሑፍ በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ከተናጋሪዋ ክፋት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ቃሉ ራሱ ውስጥ የተቀመጠ ነው።

«ስድ» «ሰደደ» ከሚለው ግስ የወጣ ቅጽል ነው። ሲነገር መጨረሻው ላይ ያለው «ድ» ይጠብቃል፤ ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ሲጻፍ አይታይም እንጂ የጠበቀው ድምፅ ግሱ ውስጥ ተደጋግሞ የምናየው «ደደ» ነው። በግእዝ «ሰደደ» ማባረርና ከቦታ ማስወጣት ነው። በአማርኛ መላክም፣ መልቀቅም ሆኗል፤ የጥንት ጽሑፎቻችን «መልእክተኛ ሰደደ» ይላሉ። ከእንዲህ ዓይነቶቹ መጨረሻቸው የተደገመ ግሶች አጭር ቃል ስናወጣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከበበ ብለን ክብ፣ ቀደደ ብለን ቅድ፣ ለቀቀ ብለን ልቅ፣ ሰደደ ብለን ስድ። አራቱንም ጮክ ብላችሁ ብትሏቸው መጨረሻቸው ይጠብቃል። የትርጉማቸውም ቅርጽ አንድ ነው፦ ክብ የሆነው ነገር የተከበበ ነው፣ የልብሱ ቅድ የተቀደደው ነው፣ ልቅ የሆነው የተለቀቀ ነው፣ ስድ የሆነውም የተሰደደ፣ ማለትም የተለቀቀ ነው። ራሱን የለቀቀ አይደለም። አንድ ሌላ እጅ ለቅቆታል።

እዚህ ላይ አማርኛ ከቁጥጥር ለወጣ ባሕርይ ያሉትን ሌሎች ቅጽሎች ከጎኑ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ደንባራ፣ ቀልቃላ፣ ቀዥቃዣ የሚሉትን ተመልከቱ። የእነዚህ ቅርጽ አድራጊውን ራሱን የሚያሳይ ነው፤ ደንባራ የሚደነብረው ነው። ቅብጥብጥና ቅልብልብ ደግሞ ፊደላቸው እንደሚደጋገም ሁሉ የሚናገሩትም የሚደጋገም እንቅስቃሴን ነው፤ ወቀሳ ቢኖርባቸውም ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም ፍቅር አለበት። በ«ኛ» የሚያልቁት፣ ነውጠኛ፣ አመፀኛ፣ ዐመለኛ፣ ነገሩን የባለቤቱ ንብረት ያደርጉታል፤ ነውጡ የእሱ ነው፣ ዐመሉ የእሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጣቱን ወደ ሌላ ሰው የሚቀስረው ስድ ብቻ ነው ለማለት እደፍራለሁ፣ ከቅርብ ዘመዱ ከልቅ ጋር።

ለዚህ ማስረጃው ስድ ከማን ጋር እንደሚሄድና ከማን ጋር እንደማይሄድ ነው። ስድ ልጅ እንላለን። ጠባቂ የሌለውን ከብት ስድ የተለቀቀ እንላለን። «ስድ ነፋስ» ግን አይባልም፤ ነፋስን የሚይዝ የለምና። «ስድ ዋጋ» አይባልም፤ ጋዜጠኛው የዋጋ ንረቱን «ልጓም ያጣ» ወይም «መረን የለቀቀ» ይለዋል። «ስድ ሕፃን» ብሎ የሦስት ወር ልጅን የሚጠራም የለም፤ ገና ክንድ ላይ ነው፣ አልተለቀቀም። ቃሉ እንዲቀመጥ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሊያዝ የሚችል አካል፣ መያዝ የነበረበት ሰው፣ ሳይያዝ ያለፈ ጊዜ። አንዱ ከጎደለ ሰሚው ጆሮ ላይ አይገጥምም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ በረቱ መሄድ ይሻላል፤ እነዚህ ቃላት አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። ወይፈን ለእርሻ ሲገራ ብቻውን አይጠመድም። ከነባር በሬ ጋር በአንድ ቀንበር ይገባል። ነባሩ መስመሩን ያውቃል፤ ወይፈኑ ሲወራጭ እሱ አይወራጭም፣ ክብደቱን ይዞ ይቆማል፣ ወይፈኑም ቀንበሩ ወዴት እንደሚሄድ ከጓደኛው ትከሻ ይማራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ሰው ከፊት ገመድ ይዞ ይመራል፣ ሌላው ከኋላ ይከተላል፣ ሥራውም አጭር ይደረጋል። ቸኩሎ ገና በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ቀን ያረሰበት ሰው የወይፈኑን ትከሻ ያቆስላል፤ ያ ወይፈን በማግስቱ ቀንበር ሲያይ ይሸሻል ወይም ተኝቶ እምቢ ይላል። በዚህ ሁሉ ያላለፈው «ያልተገራ» ይባላል። ያልተገራ ማለት ትምህርቱ የጎደለው ነው።

አሁን ደግሞ የተገራውን በሬ አስቡት። አምስት ክረምት ያረሰ፣ ስሙ ሲጠራ የሚዞር በሬ ነው። እረኛው ከዛፍ ሥር ተኝቶ ቢቀር ያ በሬ ቀስ ብሎ የሰው ጤፍ ውስጥ ይገባል። ያልተገራ ነው ልትሉት አትችሉም። ስድ የተለቀቀ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማቀላቀል ስህተት ነው፤ ያልተገራውን የሚያስፈልገው ማስተማር ነው፣ ስዱን የሚያስፈልገው የሚጠብቀው ሰው ነው። ልጅ ሰላምታ አሰጣጥ ባለማወቁ ዝም ብሎ ቢያልፍ አልተነገረውም እንጂ ስድ አይደለም። እያወቀ፣ የሚቆጣው እንደሌለም አውቆ የእንግዳን ቦርሳ ሲበረብር ነው ቃሉ ቦታውን የሚያገኘው።

ሦስተኛው ከብት ደንባራው ነው። ደንባራ በቅሎ ከቁጥጥር የሚወጣው በፍርሃት ነው፤ ጥላ አይቶ፣ ወረቀት አይቶ ይፈረጥጣል። «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለው ተረት የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ የፈራውን በድምፅ ብታበዙበት ፍርሃቱ ይጨምራል። የሚጮህ፣ የሚራገጥ፣ ዕቃ የሚወረውር ልጅ ሁሉ ስድ ነው የምንል ከሆነ ደንባራ የሚለውን ቃል ረስተነዋል ማለት ነው። አባትና እናት ሲጣሉ ከሰነበቱበት ቤት የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲራገጥ ቃጭል አይጨመርበትም።

አማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ ይህን የወቀሳ አቅጣጫ በደንብ ያውቀዋል። በጣም ከሚያምሙ ስድቦቻችን አንዱ «አሳዳጊ የበደለው» ነው። ቃል በቃል ስትሰሙት ተሰዳቢው ተበዳይ ነው! በዳዩ አሳዳጊው ነው። በታክሲ ውስጥ ወንበር ላልለቀቀ ወጣት አንዲት እናት «አሳዳጊ የበደለህ» ሲሉት ልጁ የሚቆጣው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ እዚያ የሌለች እናቱ ስለተነሳች ነው። «ስድ አደግ» ያው ነው። አብሮ አደግ ከሚለው ቃል ጋር አንድ አጥንት አለው፤ አንዱ ከማን ጋር እንዳደግህ ይናገራል፣ ሌላው ያለ ማንም እንዳደግህ። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚለውም አለ። በሬ ሰርቆ የተያዘው ሰው ለእናቱ የተናገረው ነው ይባላል፤ መጀመሪያ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ ዝም ብላው ነበርና። ሌባው እሱ ሆኖ ሳለ ተረቱ ግማሹን ዕዳ እናት ላይ ይጥላል።

«አያት ያሳደገው» እና «ሴት ያሳደገው» የሚሉትም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ብንተዋቸው እላለሁ። አያት ያሳደገው ሲባል ቢያንስ የቅምጥልነት ለዛ አለው። ሴት ያሳደገው የሚለው ግን ባል የሞተባት ወይም የተለያት እናት ብቻዋን የያዘችውን ገመድ እንዳልያዘች አድርጎ የሚቆጥር ነው። ሁለት እጅ የሚጠይቀውን በአንድ እጅ የያዘን ሰው «ለቀቅሽ» ማለት ፍርድ አይደለም።

ሕጉ ሳይቀር በዚሁ ሐሳብ ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆንም እንኳ። በቁጥር 2124 ደግሞ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባትን ኃላፊ ያደርጋል። ሁለቱን አንቀጾች ያነበበ ሰው ስድ የሚለውን ቃል በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ያገኘዋል።

የቃሉን ዘመዶች ማወቅ ደግሞ ስድ በራሱ ክፉ ቃል እንዳልሆነ ያሳያል። ትምህርት ቤት ሳለን ግጥምና ስድ ንባብ ተምረናል። ግጥም ከገጠመ ነው፤ ስንኝ ከስንኝ ይገጥማል፣ ቤት ይመታል። ስድ ንባብ በምጣኔና በቤት ስላልታሰረ ስድ ተባለ። ይህ የምታነቡት ጽሑፍ ስድ ነው፣ ሥርዓት የለውም ግን የሚል አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለዚህ በቃሉ መሠረት አለመታሰርና ሥርዓት ማጣት አንድ አይደሉም። ዛፍ ሥር ሰደደ ስንል ሥሩን ወደ መሬት ለቀቀ ማለታችን ነው፤ ከዚያ ሥር የሰደደ ችግር፣ ሥር የሰደደ በሽታ መጣ። ስደትና ስደተኛም የዚሁ ግስ ልጆች ናቸው፤ ከአገሩ የተለቀቀ፣ የተገፋ ሰው። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው ስደተኛ ሲባል የሚሰማውና ስድ ሲባል የሚሰማው ሰማይና ምድር ነው፤ ግሱ ግን አንድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የቃሉን ኃይል የሚያሳየው ሰደድ እሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳውን የበላውን እሳት ሁሉም በዚህ ስም ነው የጠራው። እሳት ምድጃ ውስጥ ሲሆን ሰደድ አይባልም። ያው እሳት ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው፤ የሚለየው የሚገድበው ጉልቻ መኖር አለመኖሩ ነው። ወሬ «እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ» የምንለውም ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ የጀመረው ሰው እንኳ ሊመልሰው ስለማይችል ነው።

ስድብ ግን ዘመድ አይደለም። ስድ ሰው ስለሚሳደብ ብዙዎች ሁለቱን ያዛምዷቸዋል። ስድብ ከሰደበ ነው፣ ሥሩ ሰ፣ ደ፣ በ ነው፣ በሰደደ ውስጥ «በ» የለም።

ጎረቤቶቹን ቃላት ቶሎ ቶሎ እንያቸው። ልቅ ከስድ ጋር በትርጉም ቢቀራረብም ሥራቸው ተከፋፍሏል፤ ልቅ ከሰው ይልቅ ከአሠራር ጋር ይሄዳል። የግብርና ባለሙያ «ልቅ ግጦሽ» ይላል፤ ከብቱ እንደልቡ ተራራውን እንዳይግጥ ሣሩን አጭዶ ማብላትን ይመክራል። የጤና ባለሙያ «ልቅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት» ይላል። ሁለቱም ቦታ ስድ ቢገባ ምክሩ ስድብ ይሆን ነበር። መረን ደግሞ ከባድ ቃል ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ምሳሌ 29፥18 ላይ «ራእይ ባይኖር ሕዝብ መረን ይሆናል» ይላል። እዚያ ብቻውን ቆሟል። ዛሬ በአፍም በጽሑፍም እምብዛም ብቻውን አይቆምም፤ «መረን የለቀቀ» ወይም «መረን የወጣ» ሆኖ ነው የምናገኘው። ከግለሰብም ይልቅ ለብዙኃን፣ ለገበያ፣ ለሙስና ይስማማል። ጋጠወጥ የጎልማሳ ቃል ነው፤ ጋጠወጥ ሹፌር እንላለን፣ ጋጠወጥ ሕፃን ማለት ግን ቃሉን ማባከን ነው።

ባለጌ ከሁሉም ይለያል። በደንብ ተይዞ፣ ተቀጥቶ፣ ተምሮ ያደገ ሰው ባለጌ ሊሆን ይችላል፤ እያወቀ ነውር ከሠራ ባለጌ ነው። ጥፋቱ የአሁን ነው፣ የአስተዳደግ ታሪክ አይጠይቅም። የተከበሩ ባለሥልጣን ስብሰባ ላይ አስጸያፊ ቃል ቢናገሩ ባለጌ እንጂ ስድ አይባሉም። የባለጌ ተቃራኒ ጨዋ ነው። የስድ ተቃራኒ ግን «የተቀጣ» ወይም «ሥርዓት የያዘ» ነው። ተቃራኒውን መፈለግ ትክክለኛውን ቃል ለመምረጥ የማውቀው ፈጣኑ መንገድ ነው፦ ይህ ሰው እንዲሆን የምፈልገው ጨዋ ነው ወይስ የተያዘ? ረጋ ያለ ነው ወይስ የማይፈራ? መልሱ ቃሉን ይሰጣችኋል።

ስለ ልጓም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የድሮ ሰው «ልጓም የለውም» ያለውን የዛሬ ወጣት «ፍሬን የለውም» ይለዋል፤ ያሰበውን ሁሉ የሚናገር ሰው ማለት ነው። ፈረሱ ቀርቶ መኪና የመጣ ይመስላል። ፍሬን ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ነው፤ የጣሊያንኛው ቃል ደግሞ ከላቲን የመጣ ሲሆን በላቲን የፈረስ ልጓም ነበር። ሳናውቀው ዞረን እዚያው ፈረስ አፍ ላይ ተመልሰናል።

አሁን ቃሉ ወደሚጎዳበት ቦታ እንምጣ። ስድ «ያልተያዘ» ማለት ከሆነ፣ ቢይዙትም የማይቆም ልጅ ስድ አይደለም። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ አንድ ልጅ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ ወይስ ይገረፍ የሚለው የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በዚህ ቃል ነው። የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቅበጥበጥ ያለበትን ልጅ ባለሙያዎች የሚለዩት በአንድ ቀን ሩጫ አይደለም። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መታየት አለባቸው፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየት አለባቸው፣ ደግሞም ከአንድ በላይ ቦታ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። ሦስተኛው ነጥብ ከስድ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አያቱ ቤት ብቻ የሚያስቸግር፣ አስተማሪው ፊት ግን አርባ ደቂቃ ቁጭ የሚል ልጅ የአያዝ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የትም ቢሆን፣ ማንም ቢይዘው፣ ራሱ እንኳ እያለቀሰ «ልቆም ፈልጌ ነበር» የሚል ልጅ ግን ገመድ አልጎደለውም። ሲጠሩት የማይዞረው ልጅም አለ፤ እሱን እምቢተኛ ከማለት በፊት ጆሮውን ማስመርመር ይቀድማል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እናቶች ይህን ቃል በየሰርጉና በየለቅሶው ሰምተውታል። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው ተነስተው ብዙ የደከሙት ለእነዚህ ልጆች ትክክለኛ ስምና ትክክለኛ ቦታ እንዲኖር ነው።

ለትልቅ ሰው ደግሞ ቃሉ ራሱ መመርመሪያ ይሰጠናል። ስድ ታሪክ ይጠይቃል፤ ሰው በሃምሳ አምስት ዓመቱ በድንገት ስድ አደግ ሊሆን አይችልም፣ ማደጉን ከጨረሰ ቆይቷልና። ዕድሜውን ሙሉ ቁጥብ የነበረ አባት እንግዳ ፊት አስጸያፊ ነገር መናገር፣ ከሰው ሳህን ማንሳት፣ ያለምክንያት ገንዘብ መበተን ቢጀምር «በእርጅናው ባለገ» ብሎ መሸማቀቅ ስህተት ነው። ራስን የመግታት ሥራ በብዛት የሚሠራው ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ ቦታ የሚጀምር የመርሳት ሕመም አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ መጀመሪያ የሚታየውም መርሳት ሳይሆን የባሕርይ ለውጥ ሊሆን ይችላል። በመኪና አደጋ ግንባሩ የተመታ ሰውም እንዲሁ ሊለወጥ ይችላል። ለሐኪሙ ሲነግሩ ቅጽል አይጠቅምም፤ መቼ እንደጀመረ፣ በፊት እንዴት እንደነበር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ምን እንዳደረገ መናገር ነው የሚጠቅመው።

«ስድ ሴት» የሚለውን አጠራርም ቃሉን ስታውቁት ትታዘቡታላችሁ። የሰላሳ ዓመት ሴት አለባበሷ ወይም ማታ መውጣቷ ያልተወደደለት ሰው ስድ ሲላት፣ ገመዷን ሊይዝ የሚገባ ሰው አለ ማለቱ ነው። ማን ነው እሱ? ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ጥያቄ መልስ አለው። ለአንዲት ሙሉ ሰው ግን ከራሷ በቀር መልስ የለውም።

ዱላም አለ። ብዙ ወላጅ «ስድ እንዳይሆን» ብሎ ይገርፋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያሳድጓቸው ተቋማት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን ቃሉ ራሱ ነው። የተለቀቀውን ከብት መምታት የበለጠ ያስሮጠዋል እንጂ አያስመልሰውም። የመልቀቅ ተቃራኒው መምታት አይደለም፣ መያዝ ነው። መያዝ በዕለት ተዕለት ምን ይመስላል ቢባል፦ የመኝታ ሰዓት ዛሬም ነገም አንድ መሆኑ፣ እናት የከለከለችውን አባት አለመፍቀዱ፣ «ሦስተኛ ጊዜ ካደረግህ ኳሱን አነሳዋለሁ» ከተባለ በሦስተኛው ኳሱ በእርግጥ መነሳቱ፣ ከዚያም በተባለው ሰዓት መመለሱ። ይህ ሁሉ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ቦታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ። እናት ይሉኝታ ይዟት እንግዳ ፊት ሁሉን ትፈቅዳለች፣ ልጁም እንግዳ ባለ ቀን ገመድ እንደሌለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይማራል። እንግዶች የሚያዩት ደግሞ ያንን ቀን ብቻ ነው።

ከአገር ውጭ ያደጉ ልጆች ስድ የሚባሉበት ምክንያት ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ፍጹም የሰዋስው ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ ከአዲስ አበባ የመጡትን አያቱን «ና፣ ብላ» ይላቸዋል። አያት ይደነግጣሉ፣ አጎት «ስድ አደረጋችሁት» ይላል። ልጁ ግን የሰማውን ነው የመለሰው። አማርኛን ከወላጆቹ የሰማው ወደ እሱ ሲነገር ነው፤ ወደ እሱ የተነገረው ሁሉ ና፣ ብላ፣ ተቀመጥ ነው። እቤታቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ሰው ስላልነበረ ይምጡ፣ ይብሉ፣ ይቀመጡ የሚሉትን ቅርጾች ጆሮው አያውቃቸውም። ይህ ያልተነገረው እንጂ ያልተያዘው ልጅ አይደለም። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ ወላጆች ራሳቸው በስልክ ከአያት ጋር ሲነጋገሩ ድምፁን ለልጁ ክፍት ማድረግ፣ አያትን በልጁ ፊት «እርስዎ» ብሎ መጥራት፣ ልጁ «ና» ሲል ሳይስቁና ሳይቆጡ «ይምጡ በላቸው» ብሎ ማቀበል። በመጀመሪያ በቃሉ የሚይዛቸው አምስት ግሶች ይበቃሉ፤ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ደህና ዋሉ። የቀረው በራሱ ይመጣል።

ወደ ቡናው እንመለስ። ሁለተኛዋ ጎረቤት ያየችው እውነት ሊሆን ይችላል። ምናልባት እናት በእርግጥ ደክሟት ለቅቃው ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ ጓዳውን አሰናድታ፣ አሁን ደግሞ ቡና እያፈላች አንድ እጅ ብቻ ነው የቀራት። ለእንዲህ ያለ ሰዓት አማርኛ ሌላም አረፍተ ነገር አለው፤ እሱም የተሠራው ከመያዝ ነው። ጎረቤቲቱ ልጁ በአጠገቧ ሲያልፍ ወገቡን እቅፍ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ ቁጭ አድርጋው፣ «አንቺ ቅጂ፣ እኔ ልያዝልሽ» ትላለች።